የውሻችንን ገመድ ማን ይያዝ?

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር አብሮ መኖር ከጀመረ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። በአገራችንም ከገጠር ጎጆ እስከ ከተማ ቪላ ድረስ ውሻ የሚያሳድገው ቤተሰብ ብዙ ነው። ይሁንና አብዛኛዎቻችን ስለ ውሻችን የምናስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው «ምን ይበላል?»፣ ሁለተኛው «ሌሊት ይጮኻል ወይ?» የሚለው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ከበላና ከጮኸ ሌላው ሁሉ የተሟላለት ይመስለናል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይኸውም ውሻው ከግቢ ወጥቶ እግሩን የሚያፍታታው መቼ ነው? የሚያወጣውስ ማን ነው? የሚለው ነው።

ነገሩ ለአንዳንዶች የቅንጦት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። «ሰው ራሱ መች ተንሸራሸረና ነው ውሻ የሚንሸራሸረው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩ የውሻው ምቾት ብቻ አይደለም። ገመዱን የያዘው ሰው ውሻውን መቆጣጠር ካልቻለ የሚነከሰው የጎረቤት ልጅ፣ የሚወድቁት መንገደኛ አዛውንት ወይም የምትጎዳው ገመዱን ያስያዝናት የቤት ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ውሻን ማን ያንሸራሽረው የሚለው ጉዳይ የቤተሰብና የጎረቤት ደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ፣ ልጅን ለሞግዚት ስንሰጥ የምናደርገውን ያህል ባይሆንም ጥቂት ማሰብን ይጠይቃል።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው?

ሰዎች በፎቅ ቤት ተጠጋግተው በሚኖሩባቸውና ባልና ሚስት ሁለቱም ከጧት እስከ ማታ በሥራ በሚውሉባቸው ትልልቅ ከተሞች ውሻ ማንሸራሸር ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል። በኒው ዮርክና በለንደን በክፍያ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ሞልተዋል። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስም አንድ ሰው የብዙ ውሾችን ገመድ በአንድነት ይዞ በመናፈሻ ዳር ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው።

ሥራው ሲስፋፋ ደንብም ተከትሎታል። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አራትና ከዚያ በላይ ውሾችን በአንድ ጊዜ በክፍያ የሚያንሸራሽር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ከስምንት በላይም እንዳይዝ ደንግጓል። የኢጣሊያዋ የቱሪን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ደንብ ውሻውን በቀን ሦስት ጊዜ የማያንሸራሽር ባለቤት እስከ 500 ዩሮ እንዲቀጣ አድርጋለች። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ ደንብ ውሻን አስሮ ማኖርን በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ከልክሏል።

እነዚህን ምሳሌዎች ያነሣነው የሰው አገር ልማድ እንዳለ እንቅዳ ለማለት አይደለም። ከእነርሱ የምንወስደው ቁም ነገር ግን አለ። ይኸውም ውሻን ይዞ መውጣት ማንም እንዳመጣለት የሚሠራው ነገር ሳይሆን ልክና ኃላፊነት ያለው ሥራ መሆኑን ነው።

ታስሮ የሚውል ውሻ

በብዙ ቤት ውሻ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ ይፈታል። ቀድሞ ግቢው ሰፊ በነበረ ጊዜ ማታ የተፈታ ውሻ ዙሪያውን እየሮጠ ጉልበቱን ያወጣ ነበር። ዛሬ ግን በከተማ ያለው ግቢ እየጠበበ ሄዷል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ በበረንዳ ላይ ውሻ የሚያሳድግ ቤተሰብም አለ። ውሻው ያው ነው፤ የሚሮጥበት ቦታ ግን ቀርቷል።

ውሻ ዓለምን የሚያውቀው ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ነው። በመንገድ ላይ እያሸተተ መሄዱ ለእርሱ አእምሮውን የሚያሠራበት ሥራ ነው። ይህን ያጣ ውሻ መሬት ይቆፍራል፣ ልብስና ጫማ ይዘነጥላል፣ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ በሰንሰለቱ ዙሪያ ሲሽከረከር ይውላል። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ያገኘው እንደሆነ ደግሞ ወደ መንገድ ዘሎ መግባቱ አይቀርም።

«ውሻ ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም፤ ከሰው ከለመደም ቤት አይጠብቅም» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል የተሳሳተ ነው። ሰውና መኪና፣ ብስክሌትና በግ ማየት ያልለመደ ውሻ በሁሉም ላይ ስለሚጮኽ ባለቤቱ ጩኸቱን መስማት ይተዋል። የወጣና የለመደ ውሻ ግን አላፊ አግዳሚውን ከሰርጎ ገቡ ለይቶ ስለሚያውቅ ሲጮኽ ምክንያት አለው። በፍርሃት የሚነክስ ውሻና ቤቱን የሚጠብቅ ውሻ አንድ አይደሉም።

በመጀመሪያ ውሻችንን እንወቅ

ገመዱን ማን እንደሚይዝ ከመወሰናችን በፊት የምን ዓይነት ውሻ እንዳለን ማወቅ ይገባናል። ቡችላ የክትባቱን ዙር ሳይጨርስ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት ሥፍራ ሊሄድ አይገባውም፤ በተለይም በተቅማጥና በትውከት የሚገድለው የፓርቮ በሽታ ከመሬት ላይ ይይዘዋል። ክትባቱን ከጨረሰ በኋላም የሚስማማው አጫጭር ጉዞ ነው። የቡችላ አጥንትና መገጣጠሚያ ስላልጠና ረጅም ሩጫ ይጎዳዋል።

እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለው ትልቅ ውሻ በቀን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ጉልበትም ትዕግሥትም ያለው ሰው ያስፈልጋል። የአበሻ ውሻ የምንለው የአገራችን ውሻ ቀልጣፋና ብዙ ችግር የሚችል ነው፤ ይሁን እንጂ ከመንገድ ወደ ቤት የገባ ከሆነ ገመድ እስኪለምድ ድረስ ሊደነግጥና ሊያመልጥ ይችላል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ትናንሽ የፈረንጅ ውሾች ደግሞ ሙቀት አይችሉም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ ስለማያልበው ሙቀቱን የሚያወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። ያረጀ ውሻ ዝግ ያለ ጉዞ፣ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት የደረሰ ሴት ውሻ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ አለመውጣት ይስማማቸዋል። አለበለዚያ የሰፈሩ ወንድ ውሾች ተከትለዋት ሲመጡና እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ገመድ የያዘው ሰው መሃል ላይ ይገኛል።

ገመዱን ለማን እንስጥ?

ከሁሉ የሚሻለው ከቤተሰቡ አንዱ ቢያወጣው ነው። ጠባዩን ያውቃል፤ ውሻውም ይታዘዘዋል። ለባለቤቱም ቢሆን የጧት እርምጃ ለጤናው ይበጀዋል። ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ያሻል። ልጆች ውሻ ስለሚወዱ ብቻ ገመድ ሊሰጣቸው አይገባም። መለኪያው ቀላል ነው። ውሻው በድንገት ቢስብ ልጁ ባለበት መቆም ካልቻለ ገመዱን አይያዝ። ከትልቅ ሰው ጎን ሆኖ አብሮ መሄድ ግን ይችላል። ማንም ይያዘው ማን፣ ገመዱን በእጅ አንጓ ወይም በጣት ላይ መጠምጠም ክልክል ነው፤ ውሻው ሲፈናጠር ጣት ሊሰበር፣ ሰውም መሬት ለመሬት ሊጎተት ይችላል።

በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ሥራውን ለቤት ሠራተኛዋ ወይም ለዘበኛው መስጠት ነው። በዚህ ረገድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሠራተኛዋ የተቀጠረችው ለምግብ፣ ለልብስና ለቤት ጽዳት ከሆነ ውሻውን ይዞ መውጣት በሥራ ላይ የተደረበ ሥራ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ቁርስ የምታዘጋጅ ልጅ፣ ምናልባትም ውሻ የምትፈራ፣ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ውሻ ይዛ ትውጣ ማለት ለእርሷም ለመንገደኛውም አደጋ ነው። የሚፈራ ሰው ገመዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ውሻው ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ውሻም ይናከሳል። ስለዚህ በቅድሚያ «ትችያለሽ ወይ? ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ እሺ ካለችም ለሥራው የሚገባትን ጭማሪ መክፈል፣ ጥቂት ቀንም አብሮ ወጥቶ ማለማመድ ያስፈልጋል። ብትነከስ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ መልሱም «አሠሪዋ» ከሚለው ሌላ ሊሆን አይገባም። ዘበኛውም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ስለሆነ፣ ጧት ውሻ ይዞ አስፋልት እንዲያቋርጥ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው አማራጭ ለዚሁ ሥራ ሰው መቅጠር ነው። ውሻ በማሠልጠንና በማንሸራሸር የሚተዳደሩ ሰዎች በከተማችንም ይገኛሉ። እዚህ ላይ የሚመረጡት ሁለት ዓይነት አሠራሮች ናቸው። አንደኛው ውሻውን ለብቻው ማውጣት ነው። ለፈሪ ውሻ፣ ከሌላ ውሻ ጋር ለሚጣላ፣ ላረጀ ወይም ለታመመ ውሻ የሚስማማው ይህ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለተኛው ከሌሎች ውሾች ጋር በአንድነት ማውጣት ነው። ይህ ዋጋው ይቀንሳል፤ ተግባቢ ለሆነ ውሻም መልካም ነው። ነገር ግን ውሾቹ በጠባይና በጉልበት የሚቀራረቡ፣ ሁሉም የተከተቡ፣ ቁጥራቸውም አንድ ሰው ሊይዘው የሚችል መሆን አለበት። አምስት ትልልቅ ውሾች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢስቡ የሚችላቸው ሰው ማን ነው?

አራተኛው ቤተሰቡ ለበዓል ወይም ለሐዘን ወደ አገር ቤት ሲሄድ የሚያጋጥም ነው። ውሻውን ለቀናት ተቀብለው የሚያቆዩ ሰዎች ከተገኙ ሥፍራውን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ንጹሕ ውኃ፣ ጥላና ለየብቻ የሚያድሩበት ክፍል መኖሩን መመልከት ነው። የክትባት ወረቀት ሳይጠይቅ የሚቀበል ሰው ከሆነ ግን ውሻችንን ይዘን ብንመለስ ይሻላል። የእኛን ያልጠየቀ የሌሎቹንም አልጠየቀምና።

ከመቅጠራችን በፊት

የቤት ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ሲቀጠር ዋስ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ የግቢ በር ተከፍቶለት የሚገባ ሰውም መታወቂያውንና ዋሱን ማቅረቡ ነውር የለውም። ከዚያም የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ ይጠቅማል።

በአንድ ጊዜ ስንት ውሻ ይዘህ ትወጣለህ? በየትኛው መንገድ ትሄዳለህ? ገመዱን ትፈታለህ ወይ? ባለቤት የሌላቸው ውሾች ቢከቡህ ምን ታደርጋለህ? ውሻው ሰው ቢነክስ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው? አልታዘዝ ሲልህስ ምን ታደርገዋለህ?

ለመጨረሻው ጥያቄ «እገርፈዋለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ለሥራው አይሆንም። «ገመዱን እፈታለሁ» የሚልም እንደዚሁ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደተባለው ሰውየው ውሻውን ገና ሲቀርበው ያለውን ሁኔታ መመልከት ብዙ ነገር ያስረዳል። ጥሩ አንሸራሻሪ ዘሎ ራሱን አይዳብስም፤ ጎንበስ ብሎ እንዲያሸተው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ስለ ዕድሜው፣ ስለ በሽታው፣ ስለሚፈራው ነገር እርሱ ራሱ ይጠይቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሮ መሄድ ይበጃል። ብቻውን መውጣት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ምስክሩ ውሻው ነው። ሰውየው ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ወደ በሩ ከሮጠ ደህና ነው። ጅራቱን በእግሩ መሃል ከትቶ ከተሸሸገ፣ እያነከሰ ወይም ከመጠን በላይ እያለከለከ ከተመለሰ ምክንያቱን መመርመር ያሻል።

በመንገድ ላይ

ጧት ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ወደ ማታ፣ ሳይጨልም መውጣት ይመረጣል። እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባሉ ሞቃት ከተሞች ቀትር ላይ አስፋልቱ የውሻውን መዳፍ ያቃጥላል። የእጅን ጀርባ ጥቂት ሰከንድ አስፋልቱ ላይ አሳርፎ መሞከር ይቻላል፤ እኛን ካቃጠለን እርሱንም ያቃጥለዋል። በከተማ ዳርቻ ደግሞ ከመሸ በኋላ ጅብ ስለሚኖር ለውሻውም ለሰውየውም ጥሩ አይደለም። ትልቅና ደረተ ሰፊ ውሻ እንደበላ ወዲያው አይሩጥ፤ ሆዱ ተነፍቶና ተጠማዝዞ ሊሞት ይችላል።

በሥጋ ቤት አጠገብ ሲታለፍ ገመዱን ማሳጠር ያስፈልጋል። ተጥሎ የሚገኝ ጥሬ ጉበትና ሳንባ የሚበላ ውሻ ኮሶ መሰል ትል ይይዘዋል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ሲተላለፍ በጉበትና በሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያስከትላል። ስለዚህ ውሻው በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት በየጊዜው መውሰድ፣ የጣለውም ዓይነ ምድር መነሣት ይኖርበታል። በጎረቤት ደጃፍ አስጥሎ መሄድ የሰፈር ሰላም ያናጋል።

ከሁሉ በፊት ክትባት

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ውሻው የተከተበ ሲሆን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችንን ጨምሮ በአፍሪካና በእስያ ዛሬም ሰው ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም እስከ 99 በመቶ ድረስ ውሻ ነው። ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

የሚያሳዝነው መከላከያው ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ማለፉ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። ዛሬ ደግሞ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ክትባቱን ማደስ ይቻላል። የክትባቱን ወረቀት ውሻውን ለሚያንሸራሽረው ሰው ማሳየት የባለቤቱ ግዴታ ሊሆን ይገባል። እርሱም «ያልተከተበ ውሻ አልይዝም» ቢል ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ሊከበር ይገባዋል።

ውሻ ሰው ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ሳይውል ሳያድር የሚደረገው ይህ ነው። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፤ ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ። በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ መነስነስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተሰውሮ ሊቆይ ስለሚችል «ቁስሉ ድኗል» ብሎ መቅረት ሕይወት ያስከፍላል። የነከሰውን ውሻ ቸኩሎ ከመግደል ይልቅ፣ በአደጋ የማይያዝ ካልሆነ በቀር፣ ለብቻው ዘግቶ አሥር ቀን በሐኪም ክትትል ማቆየት ይሻላል። ሕክምናው ግን የውሻውን ሁኔታ እስኪታይ ተብሎ አይቆይም።

በሕግ በኩል ያለውንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ስለዚህ «እኔ ቤት አልነበርኩም፤ ውሻውን ይዛ የወጣችው ሠራተኛዪቱ ናት» ማለት መከላከያ አይሆንም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፣ ውሻ ያለን ቤተሰቦች ሁላችን በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን እንመርምር። የክትባቱ ወረቀት የት ነው? ጊዜውስ አላለፈም? የአንገቱ ማሰሪያና ገመዱ አልላሉም፣ አልተበጠሱም? ገመዱን የሚይዘው ሰውስ የሚችል፣ የሚፈልግና ለድካሙ የሚከፈለው ነው? ለሦስቱም መልሱ የተሟላ ከሆነ በሩን ከፍቶ ውሻውን ማውጣት ይቻላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ውሻው ዛሬ በግቢው ውስጥ ይንሸራሸር፤ ነገ የጎደለው ተሟልቶ ይወጣል።